ከጋሽ ጋዲሳ ማሳ

ስልኩ ለሦስተኛ ጊዜ ሲጮኽ ሉሊ አነሣችው።

«ልጄ፣ ጋዲሳ ነኝ፣ ከባኮ። የገበሬ ማኅበሩ በርበሬህ መርዝ አለው ብሎ መለሰብኝ። ስምንት ጆንያ! ምን አጠፋሁ?»

ሉሊ «ጋሼ፣ እ... መልሼ ልደውልልዎት» ብላ ዘጋችው።

ካዛንቺስ የነበረው ቤታቸው ከፈረሰ ወዲህ እሷና መድኃኒት የምትባለው እናቷ ቄራ አካባቢ ተከራይተው በርበሬ እያዘጋጁ ለአንድ ሱፐርማርኬት ያስረክባሉ። እሽጉ ላይ ያለውን ኮድ በስልኩ ስካን ያደረገ ገዢ፣ በርበሬው ከማን ማሳ እንደመጣና የት እንደተፈጨ ያያል። መዝገቡ ብሎክቼይን በሚሉት ዘዴ ብዙ ኮምፒውተሮች ላይ ስለሚቀመጥ አንዴ የገባ ነገር አይሰረዝም። እናቷ መዝገቡ የሚሞላበትን አፕ ስለማትችለው የምትሞላው የአሥራ አምስት ዓመቷ ሉሊ ናት።

ባለፈው ወር ጋሽ ጋዲሳ ከባኮ የሚልኩላቸው በርበሬ ዘገየ። እናቷ ከማታውቀው ነጋዴ ሁለት ጆንያ ገዛች። «የጋዲሳ ነው ብለሽ ሙዪው። ካላስረከብን በቃ፣ አለቀልን» አለቻት። ሉሊም ሞላችው። ሰሞኑን ሱፐርማርኬቱ ሲያስመረምር ከዚያ በርበሬ የሻጋታ መርዝ ተገኘ። መዝገቡ የሚያሳየው ደግሞ ጋሽ ጋዲሳን ነው፤ ማኅበሩም የመለሰባቸው ይህን አይቶ ነው።

«እማ፣ እናስተካክለው።»

«አይሰረዝም አላልሽም?»

«አይሰረዝም። ግን ከሥሩ ማረሚያ ይጻፋል።»

«ከዛስ? ማን ይገዛናል? ደግሞ ከዚህ ወዴት እንሄዳለን?» የመድኃኒት ድምፅ ተሰበረ። በርበሬ በነካው እጇ እንባዋን ልትጠርግ ስትል ሉሊ ቀድማ እጇን ያዘቻት።

«እኛ እንኳ ያደረግነውን እናውቃለን» አለች ሉሊ። «እሳቸው ግን ለምን እንደሆነ እንኳ አልገባቸውም።»

ሉሊ አፑን ከፈተች። «ይህ በርበሬ ከአቶ ጋዲሳ ማሳ የመጣ አይደለም» ብላ ጻፈች። የሻጩን ስም ሲጠይቃት ወደ እናቷ ቀና አለች።

«አላውቀውም አልኩሽ እኮ» አለች መድኃኒት ወለሉን እያየች።

«ያልታወቀ» ብላ ሞላች። መጨረሻ ላይ የተሳሳተውን መረጃ ማን እንዳስገባ ይጠይቃል። የራሷን ስም መጻፍ ጀመረች።

«ተይ» አለች እናቷ፤ ድምፅዋ በጭንቅ ይሰማ ነበር። «የኔን ጻፊ። አንቺ ልጅ ነሽ።»

ሉሊ የሁለታቸውንም ስም ጻፈችና ላከችው።