የሐረጎው አንድ ጥቁር መስመር

ሸዋረጋ ልጅ ሳለች፣ እናቷ ሐረጎ ተራራ አናት ላይ በነበራት ሻይ ቤት ሁለት የከባድ መኪና ሾፌሮች ሲጨዋወቱ ሰምታ ነበር። ፊታቸው ጠፍቶባታል፤ ድምፃቸው ብቻ ነው የቀራት።

«የጋለ ፍሬን ይከዳል» አለ አንዱ።

«የቀዘቀዘስ?»

«እሱም አለ የሚከዳ። ከሁለቱም የከፋው ግን...»

ያኔ ወይ መኪና ጥሩምባ ነፍቷል፣ ወይ እናቷ ብርጭቆ እንድታነሳ ጠርታታለች። ቀሪውን አልሰማችም። ዛሬ የአደጋ መርማሪ ኢንስፔክተር ሆና፣ ከሐረጎ ወደ ኮምቦልቻ በሚያወርደው የመጀመሪያ ጥምዝ ላይ ቆማ ገደሉን ስታይ፣ ያ የተቆረጠ ወሬ ወደ ጆሮዋ ተመለሰ።

እዚህ ነው ሂሻም ጀማሉዲን ከቀናት በፊት ማለዳ በአሮጌ ዲኤክስ መኪናው ገደል ገብቶ የሞተው። የደሴ ልጅ ነው። እሁድ እሁድ ኮምቦልቻ ባዶ ሜዳ ላይ አሮጌ ጎማ ደርድረው፣ በጎማዎቹ መሃል በመኪና እየተጠማዘዙ በሰዓት ከሚወዳደሩት ወጣቶች ሁልጊዜ አንደኛ የሚወጣው እሱ ነበር። አገሩ ሁሉ «ፍሬን በጠሰበት» አለ። በዋዜማው ፍሬኑን የገጠመለት መካኒክ ኪዳኑ ደግሞ በሰው ፊት «በዚህ የፍሬን ሸራ ትሞታለህ» ብሎት ስለነበር ታሰረ። ዛሬ ከሰዓት ፍርድ ቤት ይቀርባል።

የኪዳኑ እናት ወይዘሮ አረጋሽ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከኋላዋ ቆመዋል። ልጃቸው ሳይሞት ሐዘን ለብሰዋል።

«አፈር ስሆንልሽ፣ አንድ ነገር በይኝ።»

 አስፋልቱ ላይ ወደ ገደሉ የሚያመራ የጎማ ጥቁር መስመር አለ። አንድ ብቻ፤ የቀኙ ጎማ። ሸዋረጋ ጎንበስ ብላ በጣቷ ነካችው።

«ፍሬን ቢበጥስ ኖሮ ይሄ መስመር አይኖርም ነበር፤ የቀኙ ጎማ ፍሬን ይዟል» አለች። «ሰዉ የሚለው አልሆነም፣ እናቴ። የሆነውን ግን ገና አላወቅሁትም።»

ኮምቦልቻ ስትወርድ ኪዳኑን ከእስር ቤቱ አስጠራችው። ዓይኑ ቀልቷል፤ ከጥፍሩ ሥር ያለው ግራሶ ገና አልለቀቀም።

«ትሞታለህ ብለኸዋል?»

«ብዬዋለሁ።»

«ለምን?»

«የረጅም ውድድር ሸራ ነዋ። በደንብ ካልጋለ ከጎማው ጋር የሚዞረውን ዲስክ አይይዝም። እኛ ሜዳ ላይ የምንሮጠው አፍታ ነው፤ ሸራው ሳይሞቅ ሩጫው ያልቃል። ለውድድሩም አይሆንህ፣ ለመንገዱም አይሆንህ አልኩት። በብርድም የሚይዝ፣ ሙቀትም ሲመጣ የሚችል ጥሩ የመንገድ ሸራ ለሁለቱም ይበቃሃል። ዲስክም ድፍኑን ያዝ፤ ቀዳዳ ቀዳዳው ለፎቶ ነው አልኩት።»

«እሱስ?»

«‹አንተ ፍሬን ትገጥማለህ ወይስ ትሰብካለህ?› አለኝ።» ኪዳኑ ሊስቅ ሞከረና ተወው። «እንዲህ ነበር እኮ ሂሻም።»

«ካላመንክበት ለምን ገጠምከው?»

«እምቢ ብለው ሌላ ሰው ይገጥምለታል። ሐረጎ አናት ስትደርስ ደጋግመህ ረግጠህ ሳታሞቅ እንዳትወርድ ብዬ አስምዬዋለሁ። ሁለቱንም የፊት ጎማ በእጄ አጠበቅሁ። ያጠበቅሁትን ዳዶ በቀይ ቀለም አሰምርበታለሁ፤ ልማዴ ነው።»

«አሮጌው ሸራስ?»

«በፌስታል አድርጌ ሰጠሁት፤ ቤቱ ወሰደው።»

የተጨፈለቀው ዲኤክስ ፖሊስ ጣቢያው ግቢ ውስጥ ቆሟል። ሸዋረጋ የፊት ጎማዎቹን አስፈታች። በግራው ቀዩ መስመር ሳይነካ አለ፤ ውስጡም አዲሱ የውድድር ሸራ። በቀኙ ግን መስመሩ ተቆርጦ ዳዶው ዞሯል፤ ውስጡ የተቀመጠው ያገለገለ የመንገድ ሸራ ነው። ሁለቱን ሸራዎች በጨርቅ ጠቅልላ ወደ ደሴ ወጣች። አረጋሽ ሳይጠየቁ መኪናው ውስጥ ገቡ።

የሂሻም ጎረቤትና ጓደኛ ሀፊዝ ሱቁ በር ላይ ተቀምጧል። በውድድሩ ሁልጊዜ ሁለተኛ የሚወጣው እሱ ነው።

«ሸራውን ከአዲስ አበባ ያመጣህለት አንተ ነህ አሉ።»

«ስጦታ ነው። ወላሂ፣ ስጦታ ነው።»

«ሁለተኛ የሚወጣ ሰው ለአንደኛው ስጦታ ይሰጣል?»

«ልቀድመው እንጂ ልቀብረው አልፈለግሁም፣ እትዬ።» ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። «ውድ ነገር ሁሉ ጥሩ መስሎኝ። ለመንገድ ይሁን ለውድድር አልጠየቅሁም።»

«ያን ዕለት ማለዳ የት ነበርክ?»

«የማለዳውን ሶላት፣ ሱብሒን መስጊድ ሰግጃለሁ። የሂሻምን አባት ጋሽ ጀማልን ጠይቂያቸው፤ አጠገቤ ነበሩ። ውዱእ ሊያደርጉ፣ ለሶላት ሊታጠቡ ሲሉ ሳሙና ፈልገው ከቤቴ ያመጣሁላቸውም እኔ ነኝ።»

«ለውዱእ ሳሙና? ውኃ ብቻ አይደል?»

«እኔንም ገርሞኝ ነበር» አለ ሀፊዝ። ከዚያ በላይ አላሰበበትም። ሸዋረጋ ግን አሰበችበት፤ ባላስበው ብላ በልቧም ጸለየች።

በሐዘኑ ቤት ለቀስተኛው ቀንሷል። ወይዘሮ ሳሊሃ፣ የሂሻም እናት፣ ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል። አባቱ ጋሽ ጀማሉዲን መቁጠሪያቸውን ይዘዋል እንጂ አይቆጥሩበትም።

«ያን ጎማ የነካ እጅ ይድረቅ» አሉ ሳሊሃ። «ሌላ የምለው የለኝም። ይድረቅ።»

ባልየው እጃቸውን ወደ ጋቢያቸው ውስጥ ሰበሰቡ።

«አላህ ያጽናዎት፣ ጋሽ ጀማል» አለች ሸዋረጋ። «ዕድሜዎን በአሰብ መንገድ የነዱ ሰው ነዎት። ልጅዎ እዚያ ጥምዝ ላይ ምን የገጠመው ይመስልዎታል?»

«ምን ያድርግ ልጄ» አሉ ቀስ ብለው። «የግራው አልይዝ ሲለው ምን ያድርግ።»

ሸዋረጋ ወደ በሩ ዞረች። ከዚያ ሀፊዝን አስጠራች። አረጋሽንም ከመኪናው እንዲወርዱ ነገረቻቸው። ለቅሶ ሊደርሱ መጥተው ከዚህ በር የተመለሱ ሴት ናቸው፤ አሁንም ከደጃፉ አላለፉም። ሳሊሃ ፊታቸውን አዞሩ።

ሸዋረጋ ጨርቁን መሃል ላይ ፈታችው።

«ሁላችሁም ፍሬን በጠሰ ብላችኋል። አልበጠሰም። የቀኙ ጎማ ይዟል፤ አስፋልቱ ላይ መስመሩን ጽፏል። የግራው አልያዘም። ከደሴ እስከ ሐረጎ አናት ዳገት ነው፤ ፍሬን የሚረግጥ የለም። ሂሻም ሸራውን ሳያሞቅ መጀመሪያ የረገጠው እዚያ ጥምዝ ላይ ነው፤ በብርድ። የግራው የውድድር ሸራ ቀዝቅዞ ዲስኩ ላይ ተንሸራተተ። የቀኙ የመንገድ ሸራ ነው፤ ወዲያው ያዘ። መኪናው ወደ ያዘው ጎን ተጎተተ። ገደሉ በቀኝ ነው።»

ሀፊዝ ሸራዎቹን አየና አንገቱን ደፋ።

«ኪዳኑ ሁለቱንም አንድ ዓይነት ነው የገጠመው። ከእሱ በኋላ የቀኙን የፈታ ሰው አለ፤ ቀዩ ቀለም ተቆርጧል። የገባውም የሂሻም የራሱ አሮጌ ሸራ ነው፤ ያ ደግሞ እዚህ ቤት በፌስታል የተቀመጠው ነው። ሀፊዝ ማለዳውን መስጊድ ነበር። አጠገቡ የቆሙት ሰው ግን እጃቸው በውኃ ብቻ አልጠራ ብሏቸው ሳሙና ፈልገዋል።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «የግራው አለመያዙን ደግሞ እኔ ለማንም አልተናገርኩም፣ ጋሽ ጀማል።»

ከውጭ የባጃጅ ጥሩምባ ተሰማና ራቀ። ሳሊሃ ቀስ ብለው ወደ ባላቸው ዞሩ።

«ልጄ ተኝቶ ነበር» አሉ ጀማሉዲን። «ያ ሸራ በብርድ ምን እንደሚሠራ አውቃለሁ። ብነግረው ይስቅብኛል። ሳይነቃ አሮጌውን ልመልስለት አልኩ። የቀኙን ጨረስኩ። ክሪኩን ወደ ግራው ጎማ ላዛውር ስል አዛን ተጠራ። ሰግጄ ልመለስ አልኩ። ስመለስ መኪናው የለም።»

«አልደወሉለትም?»

«ደወልኩ። አላነሳም። እየነዳህ ስልክ አታንሳ ብዬ ያስተማርኩት እኔ ነኝ።»

ሸዋረጋ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«ልጅ ሳለሁ ሐረጎ ላይ አንድ ሾፌር፣ የጋለ ፍሬን ይከዳል፣ የቀዘቀዘም አለ የሚከዳ፣ ከሁለቱም የከፋው ግን፣ ሲል ሰምቼ ነበር። ቀሪው አመለጠኝ።»

«አንዱ ሲይዝ አንዱ የሚለቅ» አሉ ጀማሉዲን። «የአሰብ ሾፌር ሁሉ የሚያውቃት ናት። ሁለቱንም እንደነበሩ ብተዋቸው ይተርፍ ነበር ይሆን?» 

«የሰው ልጅ ታስሮ እያወቁ ዝም አሉ» አሉ አረጋሽ ከደጃፉ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ድካም እንጂ።

«ሳሊሃን ፈራሁ። ከአላህ የሚሰወር የለም፤ ከእሷ ግን ሰወርኩ።»

ሳሊሃ እየዳሁ መጡ። ከጋቢው ውስጥ የባላቸውን እጅ ፈልገው አወጡት፤ ያንን ጥቁሩ ከጥፍሩ ሥር ያልለቀቀውን እጅ። በሁለት እጃቸው ያዙት።

«ያረቢ» አሉ። «እርግማኔን አልሰማህም። ያልኩትን አትስማኝ።»

 ሸዋረጋ ተነሣች።

«ኪዳኑ ከሰዓት ዳኛ ፊት ይቆማል። ወርደው ቃልዎን ካልሰጡ እኔ የያዝኩት ሁለት ሸራና አንድ ግምት ነው።»

«እኔስ?»

«ሕግ የሚለውን ይላል። አልዋሽዎትም።»

«እሱን አይደለም። በዚያ ጥምዝ ማለፍ አልችልም። ከቀበርነው ወዲህ መኪና አልገባሁም።»

 ይሄኔ አረጋሽ ጫማቸውን አውልቀው ደጃፉን ተሻገሩ። የሳሊሃን ትከሻ ነካ አድርገው አለፉና ሽማግሌው ፊት ቆሙ።

«እኔም ሳልፈው ዓይኔን ጨፍኜ ነው» አሉ። «ከጎንዎ እቀመጣለሁ። አብረን እንጨፍናለን።»

ጀማሉዲን ሚስታቸውን አዩ። ሳሊሃ እጃቸውን ለቀቁላቸው።

«ፍሬን ሳታበዢ፣ በከባድ ማርሽ ታወርጂናለሽ?» አሉ ሸዋረጋን።

«በከባድ ማርሽ።»

«እሺ» አሉ። «እወርዳለሁ።»