የፕሮፌሰር መዳፍ

«ብርድ እየወጣ ነው!» አለ ፕሮፌሰር፣ የወረቀት ኩባያውን በሁለት መዳፉ እንደ ትኩስ ሻይ አቅፎ። «ጨው ሲሟሟ ብርድ ይለቃል። ሲምፕል ነገር!»

ጭምቷ ከንፈሯን ነከሰች። ብርድ የሚባል ነገር ከየትም አይወጣም፤ ከቦታ ቦታ የሚሄደው ሙቀት ነው። ይህ የቤተ ሙከራ ጨው ሲሟሟ ከውሃው ሙቀት ይወስዳል፣ ውሃው ይቀዘቅዛል። አንድ ገጽ መግለጥ ይበቃ ነበር። ፕሮፌሰር ግን መጽሐፍ የሚገልጠው ሲሞቀው ሊያራግብበት ነው።

ሰው ቅጽል ስም ይወጣለታል፤ እሱ ግን «ፕሮፌሰር»ን ለራሱ አወጣ። እሷን «ጭምቷ» ያላትም እሱ ነው፣ በዚያው ቀን፣ የተረፈውን እንደሚያድል ደግ ሰው።

የኬሚስትሪ መምህሩ አንድ ሕግ አላቸው። ጥንድ ሆነው ከሚሠሩት ተማሪዎች አንዱ ቴርሞሜትር አንብቦ ይጽፋል፣ ሌላው ሰሌዳ ላይ ወጥቶ ያብራራል። የሚያብራራው ከተሳሳተና የጻፈው ካረመው፣ ነጥቡን አራሚው ብቻውን ይወስዳል። ለትምህርት ቤቶች ውድድር ደግሞ ከክፍሉ የሚሄደው አንድ ተማሪ ነው። ጭምቷ ለመመረጥ የቀራት የዛሬው ነጥብ ብቻ ነበር።

«ጻፊ እንጂ! ስንት ይላል?»

«አሥራ ዘጠኝ።»

«በቃ፣ ወርዷል። ከወረደ ኔጌቲቭ፣ ከወጣ ፖዘቲቭ። ምን ያካብዳል?»

ከውሃው የጎደለው ሙቀት ለጨው መሟሟት እንደዋለ፣ የመሟሟቱ የሙቀት ምልክት ስለዚህ ፖዘቲቭ እንደሆነ በአንድ ትንፋሽ ልትነግረው ትችል ነበር። አልነገረችውም። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ? ሰሌዳው ፊት በጉራው ሙሉ ይቁም፤ ያኔ እጇን ታወጣለች። ገና ሳይሆን ጣፈጣት።

መምህሩ በጠረጴዛዎቹ መካከል እያለፉ ቁጥር ይሰበስቡ ጀመር። ሁሉም የጀመረው ከአንድ ባልዲ በተቀዳ ውሃና በእኩል ጨው ነው።

«አሥራ ስድስት፣ ቲቸር።»

«እኛም አሥራ ስድስት።»

እነሱ ጋ ሲደርሱ ጎንበስ ብለው አዩ። «አሥራ ዘጠኝ? የእናንተን ጨው ምን ነካው?»

«የኛ ጨው ሰነፍ ነው፣ ቲቸር!» አለ ፕሮፌሰር። ክፍሉ ሳቀ። ሳቅ ካገኘ ደግሞ ማቆም አያውቅም። «የጻፈችው እሷ ናት። ዓይኗም እንደ አፏ ሳይከፈት ቀርቶ ይሆናል።»

የጭምቷ ጆሮ ጋለ። በትክክል ነው ያነበበችው። ቀና ብላ ልትመልስለት ስትል ዓይኗ መዳፎቹ ላይ አረፈ። ጨው ከገባ ጀምሮ ኩባያውን አልለቀቀውም። የእጁ ሙቀት በስሱ ወረቀት አልፎ ውሃው ውስጥ ሲገባ ነበር። ይህን አሁን አይደለም ያየችው፤ ከመጀመሪያው አይታዋለች። አይታም ዝም አለች፣ ምክንያቱም ጅልነቱ በበዛ ቁጥር ደስ ይላት ነበር። ከዚያም የተበላሸ መሆኑን እያወቀች፣ ቁጥሩን በሚያምር ጽሑፏ አሰፈረችው።

እሱ አላወቀም። እሷ ታውቃለች። ለእሱ ስታከማች የኖረችው ንቀት ለራሷም የሚተርፍ ሆኖ ተገኘ።

«በል፣ ውጣና አብራራ» አሉት መምህሩ።

ፕሮፌሰር ወጣ። ትልቅ የኔጌቲቭ ምልክት ጻፈ፤ ከሥሩም አሰመረ። «ክቡራትና ክቡራን፣ ብርድ...»

ጭምቷ እጇን አወጣች።

«ምልክቱ ነው አይደል?» አሉ መምህሩ፣ እስክሪብቷቸውን አዘጋጅተው።

አዎ ብትል ያልቅ ነበር። ስለ አሥራ ዘጠኙ ማንም አይጠይቃትም።

«ምልክቱም ተሳስቷል» አለች። «ግን ቁጥራችንም ልክ አይደለም። ኩባያውን በእጁ አቅፎት ነበር። አይቼ ዝም ብዬ ጻፍኩት።»

«እንዴ!» አለ ፕሮፌሰር ከነጠመኔው ዞሮ። «አይተሽ ለምን አልነገርሽኝም?»

«እንድትሳሳት ፈልጌ ነዋ።»

ከኋላ አንድ ሰው «ኧረ ጉድ!» አለ።

መምህሩ እስክሪብቷቸውን ከደኑ። «በተበላሸ ልኬት ነጥብ አልሰጥም፤ ለሁለታችሁም» ብለው ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ አለፉ።

ፕሮፌሰር እየተነጫነጨ ተመለሰ። «ውድድሩንም አበላሸሽው። ፋራ!»

አሁንም ትንቀዋለች፤ ያ አልተለወጠም። ኩባያውን ወስዳ ውሃውን ደፋች። ንጹሕ ኩባያ አመጣች፣ ጠረጴዛው መሐል አስቀመጠችው።

«እጅህን አንሳ» አለችው።

«ነጥብ የለውም ተባለ እኮ! ምን ሊያደርግልሽ ነው?»

ጭምቷ ጎንበስ ብላ፣ የውሃውን መጠን በመለኪያው ላይ ከዓይኗ ትይዩ እያየች መቅዳት ጀመረች።