ከነላስቲኩ የተቀበረው ጽድ

«ውኃ ቢያጠጧቸው ኖሮማ አይደርቁም ነበር!» አለ የቀበሌው ሊቀመንበር።

የችግኞቹ ዘበኛ ጋሽ ዱጉማ ባልዲያቸውን እንደያዙ ቆመዋል። ከአቃቂ ባቡር ጣቢያ ወደ ገበያ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በክረምቱ ዘመቻ ከተተከሉት የጽድ ችግኞች አንዳንዶቹ ቡናማ ሆነዋል።

«አጠጥቻለሁ፣ ጓድ። ከወንዝ እየተሸከምኩ።»

«ታዲያ እነዚህ ለምለም ሆነው እነዚያ ለምን ደረቁ? እየመረጡ ነው የሚያጠጡት? ከነገ ጀምሮ ሌላ ዘበኛ እናስገባለን።»

ጠጄ የደብተር ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች። ከጓደኛዋ ከአስካለች ጋር ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ነበር ሰው ተሰብስቦ ያገኙት። የደረቁትን ችግኞች አላጣቻቸውም። እሷና አስካለች የተከሏቸው ናቸው።

የተከላው ቀን ይዘንብ ነበር። የአስካለች አባት የባቡር ሠራተኛ ናቸው፤ ከድሬዳዋ ሲመለሱ ብርቱካን ያመጣሉ። የባቡሩ ጡሩምባ ሲሰማ አስካለች ችግኙን ከነጥቁር ላስቲኩ ጉድጓድ ውስጥ ከተተችው።

«ላስቲኩን ሳንቀድ? ሥሩ በየት ይወጣል?» ብላ ነበር ጠጄ።

«ፋራ አትሁኚ! አፈር ከለበሰ ማን ያየዋል? ባቡሩ ገባ እኮ!»

ጠጄም የቀሩትን እንደዚያው ቀበረች። ብርቱካኑ በጣም ይጣፍጥ ነበር።

አሁን አስካለች እጇን ጨምቃ ያዘቻት። «ትንፍሽ እንዳትይ፣ አባቴ ይገድለኛል» ብላ በጆሮዋ አንሾካሾከች። ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «እኔም ጠዋት ጠዋት ሳልፍ ተኝተው ነው የማገኛቸው፣ ጓድ» አለች።

ጠጄ ክው አለች። ጋሽ ዱጉማ ግን አስካለችን አየት አድርገው፣ «እንቅልፉንማ ባገኘሁት፣ ልጄ!» አሉ። ሰው ሳቀ። ሊቀመንበሩ አልሳቀም።

ሽማግሌው በባሕር ዛፍ ጉቶ ላይ ቁጭ አሉ። «እዚህ ጋ ሾላ ነበር። አባቴና የሰፈሩ ሽማግሌዎች የተጣላ የሚያስታርቁት ከሥሩ ነበር። ሐዲዱ ሲመጣ ሾላው ተቆረጠ። በንጉሡ ጊዜ ባሕር ዛፍ ተተከለ፤ እሱንም ስጠብቅ ኖርኩ። የድሮ ሥርዓት ዛፍ ነው ብላችሁ እናንተ ቆረጣችሁትና ጽድ መጣ። ሁሉም የራሱን ይተክላል። ጠባቂው እኔው ነኝ።»

«ታሪክ አልጠየቅንዎትም። የዘበኛ ቤቱን ቁልፍ ያምጡ።»

የዘበኛ ቤት የሚሏት ከጣቢያው አጥር ሥር ያለችው የቆርቆሮ ቤት ናት። ጋሽ ዱጉማ ሌላ ቤት እንደሌላቸው ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። እጃቸውን ቀስ ብለው ወደ ካፖርታቸው ኪስ ሰደዱ።

ጠጄ እጇን ከአስካለች እጅ አላቀቀች።

«ጠጄ! እንዳታደርጊው!»

ጠጄ ቦርሳዋን መሬት ላይ አስቀመጠችና ከጉቶው አጠገብ ባለው ደረቅ ችግኝ ሥር ተንበረከከች። በእጆቿ መቆፈር ጀመረች። አፈሩ እርጥብ ነበር። ጥቂት እንደቆፈረች ጥፍሯ ላስቲኩን ነካ።

«ምንድን ነው የምትሠሪው አንቺ?» አለ ሊቀመንበሩ።

የጋሽ ዱጉማ እጅ ኪሳቸው ውስጥ እንዳለ ቀረ።

«ይሄን የተከልኩት እኔ ነኝ፣ ጓድ» አለች ጠጄ ቀና ሳትል፤ መቆፈሯንም አላቆመችም።