ሊማሊሞ ላይ ያልተሰማው ጥሪ

የሰባ ዘጠኝ ክረምት ነበር። የአስር አለቃ ቢያዝን ሬሳ ከሊማሊሞ ገደል ወጥቶ ደባርቅ ጦር ሰፈር ሲደርስ የራስ ቁሩ እንደታሰረ ነው። ከውስጡ ካለው ማዳመጫ አንድ ስንዝር ገመድ ተንጠልጥሏል፤ ጫፉ በስለት ተቆርጧል። መሰኪያው ያለበት ሌላው ቁራጭ ከሬሳው ጎን ተገኝቷል።

ከጎንደር የተጠራውን መርማሪ ሻምበል ሀብተሥላሴን የጦር ሰፈሩ የፖለቲካ ኮሚሳር ፍርዱን ጨርሶ ጠበቀው።

«አሻጥር ነው። ማዳመጫውን ከትናንት ወዲያ የጠገነው ወልደኢየሱስ ነው። እስከ ስድስት ሰዓት ቃሉን ተቀበልና አስረክበኝ።»

አራት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ሀብተሥላሴ መቀመጥ አቃተው። ኮሚሳሩ የተረከባቸው ሰዎች ሲመለሱ አይቶ አያውቅም።

መጀመሪያ ከቢያዝን ኋላ የነበረውን የጦሩን መሪ መኪና ሾፌር አያ ፋንታሁንን ጠየቀ።

«ቢያዝን በሞተር ሳይክሉ ከፊት ይሄዳል። ከላይኛው መታጠፊያ ሆነን ስናይ ከሱ በታች መንገዱ ተንዷል። ከጎኔ ያለውን የሬዲዮ ሠራተኛ አንዳርጋቸውን ‹ጥራው!› አልሁት። ሦስት ጊዜ ሲጮህ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ልጁ ግን ዝም ብሎ ነዳ።»

«መጀመሪያ ገደሉን የወረደው ማነው?»

«እሱው አንዳርጋቸው። እኔ ጉልበቴ እምቢ አለኝ።»

ቀጥሎ የሬዲዮ ጠጋኙ ወልደኢየሱስ ገባ።

«ምን ነበር ብልሽቱ?»

«መሪው ሲዞር ድምፁ ይቆራረጣል። ገመዱ እየተጣጠፈ ውስጡ ተበጥሶ ነው። ቀየርኩና በሊድ በየድኩት። ትናንት ጠዋት ‹ሸጋ ይሰማል› ብሎኝ ነው የተነሳው። ሻምበል፣ ልጆች አሉኝ።»

ሀብተሥላሴ ሁለቱን ቁራጮች በመስኮቱ ብርሃን አገላበጠ። ከዚያ ወጥቶ ከገደሉ የወጣውን የሞተር ሳይክሉን ሬዲዮ ጎንበስ ብሎ አየ፤ መምረጫው በጉዞው መስመር ላይ ነው። ተመልሶ ወልደኢየሱስን ገመዱን አስቀጠለው፤ የተጣመመውን መሰኪያ አቃንቶም በመኪናው ሬዲዮ ሞከረው። ድምፁ ጥርት ብሎ መጣ።

ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ሁለቱንም፣ አንዳርጋቸውንም ሰበሰበ። ኮሚሳሩ ደጅ ላይ ሲጋራ በሲጋራ እየለኮሰ ይንጎራደዳል።

«ገመዱ ከጉዞው በፊት ተቆርጦ ቢሆን መሰኪያው ሬዲዮው ላይ በቀረ ነበር» አለ ሀብተሥላሴ። «ግን መሰኪያው ተጣሟል፤ የሬዲዮውም ቀዳዳ ተሰንጥቋል። ቢያዝን ሲወረወር ገመዱ ስቦ ነቅሎታል። የተቆረጠ ገመድ ደግሞ አይስብም። ስለዚህ ሲወድቅ ሙሉ ነበር፤ የተቆረጠው ገደሉ ውስጥ ነው። መጀመሪያ የወረድከው አንተ ነህ፣ አንዳርጋቸው።»

«ጠርቼዋለሁ! አያ ፋንታሁን ሰምተዋል!»

«ጠርተኸዋል። ማዳመጫው ደህና፣ የሱ ሬዲዮ በመስመሩ ላይ። ታዲያ ጥሪህ ምነው ለቢያዝን አልደረሰም? ያንተ ሬዲዮ ሌላ ጣቢያ ላይ ስለነበረ ነው።»

አንዳርጋቸው ኮሚሳሩ ወዳለበት በር አየት አደረገ።

«ወንድሜ ትግራይ ግንባር ከጠፋ አራት ወሩ ነው» አለ በሹክሹክታ። «ወንበዴዎቹ በሬዲዮ የምርኮኛ ስም ያነባሉ። ስሙን እየጠበቅሁ ነበር... አያ ፋንታሁን ሲጮሁብኝ ጣቢያውን ወደ መስመራችን መመለሱን ረሳሁት። ከዚያ ፈራሁ።»

«ፈርተህ እኔን ልታስገድል!» አለ ወልደኢየሱስ።



ሀብተሥላሴ ብዕሩን አነሳ። አንዳርጋቸው ሬዲዮው ከመስመር ውጪ መሆኑን ሳያይ እንደጠራ፣ ጥፋቱን ሊሸፍን ገመዱን እንደቆረጠ ጻፈ። የትኛውን ጣቢያ ሲሰማ እንደነበር አልጻፈም፤ የወንበዴ ሬዲዮ መስማት ያስረሽናል። አያ ፋንታሁን የጻፈውን አንብበው በምስክርነት ፈረሙበት።

ወታደሮቹ አንዳርጋቸውን ይዘው ሲወጡ ወልደኢየሱስ በሩ ላይ መንገዱን ዘጋ። ሀብተሥላሴ ሊማታ ነው ብሎ ብድግ አለ።

«ማን ይባላል ወንድምህ?» አለ ወልደኢየሱስ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ዓለምነው። ዓለምነው ሀብተማርያም።»

ወልደኢየሱስ ስሙን እንዳይረሳው በከንፈሩ ደገመውና ከበሩ ዞር አለ።