የሐሴት ዕንቁ በተሰበረ ጊዜ

በዘንጎራ ምድር ፀሐይ በቀትር በጠቆረችበት ዕለት፣ ክንፋሙ ዘንዶ ኡርጋል ከቤተ መንግሥቱ ማማ ላይ የሐሴትን ዕንቁ ነጥቆ በረረ። ሕዝቡ ደስታ ሁሉ ከዚያ ዕንቁ ብርሃን ይፈልቃል ብሎ ያምን ነበርና፣ ከዚያን ዕለት ወዲህ ሠርግ ቀረ፤ ከበሮ ተሰቀለ፤ ጎረቤትም ከጎረቤት መጠያየቁን ተወ።

የጦር አንጥረኛው ልጅ ሄራን በንጉሥ አዝማር ፊት ቆማ ማለች።

«ዕንቁውን ሳልይዝ ብመለስ የአባቴ አፅም ይፋረደኝ!»

አባቷ ከሞተ ወዲህ ያሳደጋት ሽማግሌው ጦረኛ ጎንድል ጋሻውን አነሣ። «አንድ ልጅ ቀብሬአለሁ» አለ። «አንቺን ብቻሽን አልሰድሽም።»

የጨው በረሃውን አቋርጠው ጭስ የሚተፋውን ተራራ ወጡ። ጎንድል በሻካራ ድምፁ ሲያቅራራ ሄራን፣ «አባባ፣ ዘንዶው ሳይደርስብን በድምፅዎ ሊጨርሱን ነው!» አለችው። ሁለቱም ሳቁ። ሄራን በገዛ ሳቋ ደነገጠች፤ ዕንቁው እኮ ገና ሩቅ ነበር።

በተራራው ዋሻ ውስጥ ኡርጋልን በዕንቁው ዙሪያ ተጠምጥሞ፣ ዐይኑን ሳይነቅል፣ በረሃብ አጥንቱ ገጥጦ አገኙት። ሄራን ወደ ዕንቁው ተመለከተች። አባቷ በውስጡ ቆሞ እጁን ዘረጋላት። ሰይፏ ከእጇ ወደቀ።

«ሄራን!» ሲል ጎንድል ጮኸ። «እኔም ልጄን አየሁት። ጥላ ነው! ስበሪው!»

ዘንዶው በጩኸቱ ተቆጥቶ ሲነሣ፣ ጎንድል ጋሻውን ይዞ በመንጋጋው መካከል ገባ። ሄራን ሰይፏን አንሥታ፣ አባቷ ፈገግ እንዳለላት፣ ዕንቁውን መታችው። ዕንቁው ተሰነጠቀ፤ ብርሃኑ ጠፋ፤ ዘንዶውም እንደ ተበጠሰ ገመድ ተዘረረ።

ጎንድል በደም ተነክሮ እጇን ያዘ። «መንገዱ ደስ ይል ነበር፣ ልጄ» አለና ዐረፈ።

ሄራን ሬሳውን በቃሬዛ እየጎተተች ከከተማው በር ደረሰች። ሕዝቡ ተሰብስቦ ነበር።

«ዕንቁው የታለ?» አለ ንጉሡ።

«ሰበርሁት፣ ንጉሥ ሆይ። መሐላዬን አፍርሻለሁና ይፍረዱብኝ። አስቀድሜ ግን ጎንድልን ልቅበረው።»

ከሕዝቡ መካከል አንዲት መበለት ወጥታ የቃሬዛውን ጫፍ አነሣች። ሌላው ተከተላት። በመጨረሻም ንጉሡ ከፈረሱ ወርዶ ትከሻውን ሰጠ።

መቃብሩ ሲቆፈር መበለቲቱ እንባዋን ጠርጋ፣ «ጎንድል በሠርጌ ዕለት ወንዝ ውስጥ ገብቶ ነበር» አለች። «እሱ አንገቱ ድረስ ሲሰጥም የጠጁን እንስራ ከራሱ በላይ አንሥቶ ይዞ፣ ‹መጀመሪያ ይህን ተቀበሉኝ!› ይላል።»

አንዱ ሳቀ። ከዚያ ሁሉም፣ እንባቸው እየወረደ፣ ሳቁ። ሄራንም አፈር እንደ ጨበጠች ሳቀች፤ ከዚያም ጎንበስ ብላ አፈሩን ቀስ አድርጋ በላዩ በተነችው።