የታኅሣሥ በረዶ

በጃንሆይ ዘመን ነው። እህል መዛኙ ኃይለመለኮት መጀመሪያ አስናቀች ፊት የቆመ ዕለት ሰላምታ እንኳን መስጠት አልቻለም። መርካቶ በርበሬ በረንዳ ገና እግሩ ሲገባ ማስነጠስ ያዘው።

«ይማርዎት!» አለች በርበሬ ሻጯ።

ደግሞ አነጠሰ።

«ይማርዎት!»

በሰባተኛው ላይ አንቱታው ከየት ይምጣ?

«ኧረ ይማርህ! ነፍስህ እንዳትወጣ!» ብላ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች። የእሱም ልብ እዚያው ቀረ። ድስት እንኳን የሌለው ወንደላጤ የበርበሬ ደንበኛ ሆነ!

ኃይለመለኮት እህል በረንዳ ሰማይ በማንበብ የታወቀ ነው። ጆንያ ውጭ ይደር አይደር የሚጠየቀው እሱ ነው፤ ተሳስቶም አያውቅም። ለዚህ ነው አስናቀች በታኅሣሥ አጋማሽ፣ የጥር ሠርገኞች ያዘዟትን በርበሬ ግቢዋ አስጥታ ሳለ ደመና ብታይ ወደ እሱ የሮጠችው።

«ላንሳው ወይስ ይዋል?»

«ይዋል! አሥራ አንድ ዓመት እዚህ ስመዝን በታኅሣሥ ጠብታ አላየሁም።»

በዘጠኝ ሰዓት በረዶ ወረደ። መርካቶ ሁሉ ጉድ አለ። የአስናቀች በርበሬ ቀይ ጎርፍ ሆኖ ቦይ ገባ፤ ሠርገኞቹም ሌላ ሻጭ ፈለጉ።

ሁለቱ ከተዋደዱ ቆይተው ስለነበር፣ በመጪው እሑድ ሽማግሌዎች ወደ እናቷ፣ ወደ እትዬ ሠርኬ ሊሄዱ ቀጠሮ ነበራቸው። ኃይለመለኮት ግን «ለጊዜው ይቆይ» ብሎ አስቀራቸው። ልፋቷን ሜዳ ላይ ያስቀረ ሰው በምን አፉ ልጅዎን ይስጡኝ ይላል? እፍረቱ አንገበገበው። እንዳያገኛት በሶማሌ ተራ ዞሮ መሄድ ጀመረ።

በሁለተኛው ሳምንት ሚዛኑ ፊት መጥታ ቆመች።

«እንደምን ዋሉ፣ ጋሼ ኃይለመለኮት?»

አንቱታው አጥንቱ ድረስ ዘለቀ።

«አስኑዬ...»

«ባዶ እጄን ስቀር ሸሹኝ። ይሁን! ከአፍዎ ልስማውና ልሂድ።»

«እኔ? ከአንቺ ልሸሽ? ይዋል ብዬ ጉድ የሠራሁሽ እኔ ነኝ! በምን ዓይኔ ልይሽ...»

አስናቀች ቀና ብላ አየችው። ዓይኗ እንባ ሞላ።

«ለዚህ ነው? አንተ ሞኝ! በረዶውን አንተ አወረድከው?»

«አሥራ አንድ ዓመት አይቼ አላውቅማ...»

«እኔስ ሃያ ሁለት ዓመት አንተን አይቼ አውቅ ነበር? አንድ ቀን እያነጠስክ መጣህ። እሱንስ ማን አወቀ?»

ኃይለመለኮት ሊመልስላት አፉን ሲከፍት የነጠላዋ በርበሬ አፍንጫው ገባና አነጠሰ።

«ይማርህ!» አለችው፣ እያለቀሰችም እየሳቀችም።

እሑድ ማለዳ ሽማግሌዎቹ ወደ እትዬ ሠርኬ ሊሄዱ ሲሉ የኃይለመለኮት በር ላይ ቆመው ሰማዩን አዩ።

«እንዴት ነው ልጄ፣ ይዘንባል?» አሉ ትልቁ።

«እንጃ አባቴ» አለ ኃይለመለኮት። «ብቻ ጃንጥላ ይያዙ።»

ቀኑን ሙሉ ጠብ ያለ ነገር የለም። ሽማግሌዎቹ የታጠፈ ጃንጥላቸውን ይዘው ተመለሱ። እትዬ ሠርኬ «እሺ» ብለዋል።