በፌስታል የታሰረው ገመድ

«ቁልፉን ይስጡን ነው የምንልዎ! ሌላ ምን ጠየቅንዎ?»

«አልሰጥም።»

«ታት ባሲሊዮ የአጎትዎ ልጅ አይደሉም እንዴ? ደማቸው አይጮህብዎትም?»

«ባሲሊዮማ ሥጋዬ ነው። ለዚህ ነው የምከለክልህ፣ ኤቫሪስቶ። የእሱ ሬሳ አፈር ሳይለብስ ሌላ ሬሳ አትጨምርብኝ።»

ዶን ክሪሳንቶ የቹዊሳክ መንደር ሹም ነበሩ። የሹመት በትራቸውን እንደ መቀርቀሪያ አግድመው ይዘው የመንደሩ እስር ቤት በር ላይ ቆመዋል። ፊት ለፊታቸው የሚንጎራደደው ኤቫሪስቶ ሳቃሪክ የተባለው የመንደሩ ሬዲዮ ዜና አንባቢ ነው። ከኋላው የቆመው ሕዝብ መንገዱን ሞልቶታል፤ ከመካከሉ አንዱ ሰው የቤንዚን ጀሪካን ይዟል። ማንም ወደ ጀሪካኑ አይመለከትም፤ መኖሩን ግን ሁሉም ያውቃል።

ከበሩ ወዲያ የታሰረው ዊልመር የሚባል፣ መንደሩ የሚቃወመው የግድብ ኩባንያ ጥበቃ ነው። ትናንት ጠዋት የሬዲዮው መሥራች ባሲሊዮ ጾክ በስቱዲዮው ወለል ላይ ሞተው ተገኙ፤ ቹዊሳክ ሽማግሌን «ታት»፣ አሮጊትን «ናን» ብላ ነው የምታከብረው። የሬዲዮው ማሰራጫ መሣሪያም ከቦታው የለም። ጥበቃው ደግሞ እዚያው ደጃፍ ላይ ተያዘ። ሕዝቡ ከዚህ በላይ ማስረጃ አልፈለገም።

«ዕድሜያቸውን ሙሉ ግድቡን ሲቃወሙ ኖሩ» አለ ኤቫሪስቶ ወደ ሕዝቡ ዞሮ። «ማን ገደላቸው ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል?»

«ያስፈልጋል» አለች አንዲት ሴት ከዳር።

ሰው ዞር ዞር አለ። ወፈር ያለች፣ ጫማዋ በጭቃ የተለወሰ፣ አንድ ጉልበቷን የምታነክስ ሴት ነበረች። ኦቲሊያ ማሮኪን ትባላለች። ዱሮ የፖሊስ መርማሪ ነበረች፤ አሁን የምትሠራው የየመንደሩን ነጻ ሬዲዮና ጋዜጣ ለሚደግፍ በጎ አድራጎት ድርጅት ነው። ጋዜጠኛ በሞተ ቁጥር ለምን እንደሞተ የምታጣራው እሷ ናት።

«ድርጅትዎማ ትናንትናውኑ አውግዟል፣ ሴኞራ!» አለ ኤቫሪስቶ። «‹በሥራቸው ምክንያት ተገደሉ› ብላችሁ ለዓለም ተናግራችኋል። ታዲያ ምን ቀርቶ ነው የሚያጣሩት?»

«መግለጫውን የጻፉት ሰዎች ቹዊሳክ የት እንዳለች አያውቁም። እኔ ግን ይኸው በእግሬ መጣሁ። ለመሆኑ ታት ባሲሊዮ አንተን ዜና ሲያስተምሩህ የመጀመሪያው ትምህርት ምን ነበር?»

ከሕዝቡ መካከል አንዲት አትክልት ሻጭ ቀድማው መለሰች። «ሁለቱንም ወገን ስማ ነዋ! በየቀኑ ሲሉት አልነበር?»

ዶን ክሪሳንቶ በትራቸውን ዝቅ አደረጉ። «እስኪመሽ እጠብቅልሻለሁ፣ ልጄ» አሉ ኦቲሊያን በለሆሳስ። «ከመሸ ግን እኔ ሽማግሌ ነኝ፤ በሩም እንጨት ነው።»

ኦቲሊያ ወደ እስር ቤቱ ከመምጣቷ በፊት ሬሳውን አይታ ነበር። ባሲሊዮ በራስ ቅላቸው ጀርባ ላይ ካለው አንድ ቁስል በቀር ምንም አልነበረባቸውም። ከእርስ በርስ ጦርነቱ ጀምሮ የማይታዘዛቸው ግራ እጃቸው ደረታቸው ላይ እንደታጠፈ ቀርቷል።

በስቱዲዮው ውስጥ ማካሪዮ ኡስ ጠበቃት። ቴክኒሺያኑ እሱ ነው። ግድግዳው ድምፅ እንዳያስተጋባ በእንቁላል ካርቶን ተለብጧል። ደሙ የሲሚንቶው ደረጃ ጠርዝ ላይ ደርቋል።

«ወደ ኋላ ወድቀው ነው» አለች ኦቲሊያ። «በዱላ የተመታ ሰው እንዲህ አይሆንም።»

ከዚያ ቀና ብላ የማሰራጫውን ባዶ ቦታ ተመለከተች። ከጣሪያ የሚወርደው የአንቴና ገመድ በአየር ላይ ተንጠልጥሏል። ጫፉ በፌስታል ተጠቅልሎ በክር ታስሯል።

«ይህን ያሰርከው አንተ ነህ?»

ማካሪዮ ጠጋ ብሎ አየና ፊቱን አጨማደደ። «እኔ? በፌስታል? ኧረ አይስደቡኝ ሴኞራ! ፌስታል ያልበዋል፣ ውሃ ይቋጥራል፣ መዳቡን ይበላዋል። እኔ በናስትሮ ነው የማሽገው። ኤቫሪስቶንም ያስተማርኩት እንደዚያ ነው። በፌስታል ማሰር የዱሮ ሰው ሥራ ነው።»

«ኃይሉስ? ስትገባ በርቶ ነበር?»

«ጠፍቶ ነበር። ማሰራጫው እየሠራ አንቴናውን ከነቀሉበት ይቃጠላላ።» ይህን እንዳለ ድምፁ ቀነሰ። «ሌባ ቢሆን... ጎትቶ በጥሶት ይሄድ ነበር። እኔን ሊሉ ነው?»

«ከታት ባሲሊዮ ጋር ተጣልተህ ነበር ይባላል።»

«ድጋፋችሁ ከቆመ ወዲህ ያልተጣላ ማን አለ? ‹ለጋሾቻችን ፊታቸውን አዞሩ፣ ይቅርታ አድርጉልን› ብላችሁ ጻፋችሁልን። እኛ ይቅርታውን ምን እናድርገው? ባትሪ አይገዛበት!» አይኑ እንባ ሞላ። «ሚስታቸው ኩላሊቷ ደክሟል። በየሳምንቱ ከተማ ወርዳ ደሟ መታጠብ አለበት። ማሰራጫውን ለከተማ ሰባኪዎች ሊሸጡት ነበር። ከትናንት ወዲያ ለኔና ለኤቫሪስቶ ነገሩን። ጮህኩባቸው። ያሳደጉኝ ሰው ናቸው፤ በመጨረሻ ከአፌ የሰሙት ጩኸት ነው።»

«ለሌላስ ነግረዋል?»

«ለናን ኤርሊንዳ በማግስቱ ጠዋት ራሴ እነግራታለሁ ብለው ነበር። ሬዲዮውን አብራቸው የመሠረተችው እሷ ናት። የፈሩትም እሷን ነበር።»

ኦቲሊያ ተነሥታ ወደ እስር ቤቱ ተመለሰች።

ዊልመር ጥግ ይዞ ተቀምጧል። ከንፈሩ አብጧል።

«እዚያ ምን ወሰደህ?» አለችው።

«ቢስቁብኝም እነግርዎታለሁ። ግድቡ በር ላይ ሆኜ ሬዲዮአቸውን እሰማለሁ። አለቆቼ አያውቁም። ሽማግሌው እኛን ሲሰድቡም እሰማለሁ፤ ደግሞ ስድባቸው ያስቃል። ትናንት የማሪምባው ሙዚቃ እየተሰማ መሀል ላይ ጸጥ አለ። ታመው ይሆን ብዬ ወጣሁ። ስደርስ ሞተዋል። ጮኼ ሰው የጠራሁት ራሴ ነኝ።»

«በመንገድ ማንን አየህ?»

«በዚያ ዝናብ ማን ይኖራል? አንዲት አሮጊት ብቻ፣ ራሷን ተከናንባ ልጅ አዝላ። ‹ላግዝዎት እማማ?› አልኳት፤ ራሷን ነቅንቃ አለፈች።»

«ወደ ገበያ?»

«ወደ ላይ። የገበያ ቀን ሆኖ እሷ ሽቅብ ትወጣለች።»

አጠገቡ በበቆሎ ቅጠል የተጠቀለለ ታማሌ የሚሉት የበቆሎ ዳቦና ባቄላ ነበር። «ይህንስ ማን አመጣልህ?»

«አላውቃትም። ትናንትም ዛሬም በመስኮቱ ታቀብለኛለች። ቀና ብላ አታየኝም።»

«ናን ኤርሊንዳ ናት» አሉ ዶን ክሪሳንቶ ከውጭ። «እንደ ወንድሟ የነበረውን የገደለባትን የምታበላ! እንዲህ ያለ ልብ እኔ የለኝም።»

ኦቲሊያ አቀበቱን ስትወጣ ደጋግማ ቆመች። ቅዳሜ የመታጠቢያ ቀን ስለሆነ በየጓሮው የቱኹ ጭስ ይታያል። ቱኽ ማለት ሰው ጎንበስ ብሎ የሚገባባት የእንፋሎት መታጠቢያ ጎጆ ናት። ናን ኤርሊንዳን በጓሯቸው በቆሎ ሲፈለፍሉ አገኘቻቸው። የእርሳቸው ቱኽ አይጨስም።

«ተቀመጪ፣ ልጄ። ጉልበትሽን ለምን ትቀጪዋለሽ።»

«ስለ ሬዲዮው ሊነግሩኝ ይችላሉ ብዬ ነው። ስለ ጥንቱ።»

አሮጊቷ እጃቸው ሳይቆም ጀመሩ። «ያኔ ማካሪዮም ኤቫሪስቶም የሉም። አንድ ፈረንጅ መጥቶ እኔንና ባሲሊዮን አስተማረን። መጀመሪያ ታጠፋለህ፣ ከዚያ ትፈታለህ፣ ከዚያ ጫፉን ዝናብ እንዳይገባው ትሸፍናለህ። ባሲሊዮ በአንድ እጁ ማሰር አይችልም። ማሰሩ የኔ ነበር። ፖሊስ ፈቃድ የላችሁም ብሎ ሊወርስ ሲመጣ እሱ በፊት በር ያዋራቸዋል፤ ቀልድ ያውቃል፣ ያስቃቸዋል። እኔ በጓሮ እወጣለሁ።»

«ዛሬ አይታጠቡም?»

«ሰው ሞቶብኝ...»

«ማካሪዮም ሞቶበታል። የእሱ ቱኽ ግን ይጨሳል።»

የናን ኤርሊንዳ እጅ ቆመ። ወደ ቱኹ ግን አልተመለከቱም። ኦቲሊያም አልተመለከተችም።

«ሊመሽ ነው» አለች ኦቲሊያ። «ከኔ ጋር ወደ ስቱዲዮው ይውረዱ፣ ናን።»

አሮጊቷ ነጠላ ጨርቃቸውን አነሡ።

ኦቲሊያ ስለላከችባቸው ዶን ክሪሳንቶ እስረኛውን ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ወደ ስቱዲዮው ይዘው መጡ። ማካሪዮ ግድግዳውን ተደግፏል። ኤቫሪስቶ በሩ ላይ ቆመ፤ ከኋላው ሕዝቡ፣ በመስኮቱም ሕዝቡ።

«ከገመዱ ልጀምር» አለች ኦቲሊያ። «ታት ባሲሊዮ ከሞቱ በኋላ ወይም ሊሞቱ ሲሉ አንድ ሰው ኃይሉን አጥፍቷል፣ ገመዱን በእጁ ፈትቷል፣ ጫፉን ከዝናብ ሸፍኗል። ጠላት እንዲህ አያደርግም። መሣሪያውን የሚወድ ሰው ነው።»

«ጥበቃው ተምሮ ቢሆንስ?» አለ ኤቫሪስቶ።

«ዊልመር ባዶ እጁን ነው የያዛችሁት። ማሰራጫውን ዋጠው? ሰው ጠርቶ አስከሬን ያሳየስ ማን ነው? ራሳችሁ ታውቃላችሁ።»

በመስኮቱ በኩል ጉርምርምታ ተሰማ።

«እንግዲህ የቤት ሰው ነው። ማካሪዮና አንተ በናስትሮ ታሽጋላችሁ። በፌስታል የሚያስር የመጀመሪያውን ትምህርት የተማረ ነው። የተማሩት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ ታት ባሲሊዮ፤ ሊሸጡት ስለነበር ራሳቸው ፈትተውት ይሆን ብዬ አሰብኩ። ግን ይህን ቋጠሮ በአንድ እጅ ማን ያስራል?»

ማካሪዮ ቀስ ብሎ ወደ ናን ኤርሊንዳ ዞረ። «አይደለም» አለ። «ሴኞራ፣ አይደለም በሉኝ።»

«ዊልመር ልጅ ያዘለች አሮጊት አይቷል። ሽቅብ ስትወጣ፣ በገበያ ቀን፤ ያዘለችው ግን ልጅ አልነበረም። ቹዊሳክ ውስጥ ዛሬ ያልተነደደበት ቱኽ አንድ ነው፤ እሳት ቢገባበት የሚቃጠል ዕቃ ውስጡ አለ። እስረኛውን ያበላ ሰውም አንድ ነው። ገዳይ ነው ብሎ ያመነ ሁሉ ሊያቃጥለው ሲመጣ፣ እንዳልገደለ የሚያውቅ ሰው ግን ምሳ ያመጣለታል።»

«ይብቃ!» ብሎ ኤቫሪስቶ ወደ ውስጥ ገባ። «ሴኞራ፣ ይህ ማንን ይጠቅማል? በግድቡ ምክንያት ሞቱ ከተባለ ድጋፉ ይመለሳል። ሬዲዮው ይኖራል። እውነቱን ከጻፉ ሁለቴ ነው የምንቀብራቸው!»

«አውቃለሁ። ሪፖርቱን የምጽፈው እኔ ነኝ፤ የሚዘጋውን በርም አውቃለሁ። ይህን ሰው አቃጥላችሁት የሚተርፈው ሬዲዮ ግን ነገ ጠዋት በምን አፉ ‹ደህና አደራችሁ› ይላል?»

ናን ኤርሊንዳ ወደ መካከል መጡ።

«አትቆጪው፤ ልጅ ነው» አሉ። «ባሲሊዮ ‹ኤርሊንዳ፣ ደከመኝ› አለኝ። ‹ለሰባኪዎቹ ሸጬዋለሁ፣ ከሰዓት ይወስዱታል› አለኝ። ማሪምባው እየተጫወተ ነበር። ከማሰራጫው ፊት ዞር በል አልኩት። እጄን ያዘኝ። ገፋሁት። ይኸው ነው። ስሙን ጠራሁት፣ አልመለሰልኝም። ከዚያ ወዲያ እጄ ያደረገውን እኔ አላዘዝኩትም። አጠፋሁ፣ ፈታሁ፣ አሰርኩ፣ አዘልኩ። ልክ ፖሊስ የመጣ ይመስል። ቤቴ ስደርስ ነው እሱ እዚያ እንደቀረ የገባኝ።»

ወደ ዊልመር ዞሩ፤ አይኑን ግን ማየት አልቻሉም። «ምግቡን ባመጣሁ ቁጥር ዛሬ እናገራለሁ እላለሁ። አፌ እንቢ አለኝ። ሕይወቴን ሙሉ ሬዲዮ ላይ ስናገር የኖርኩት ሴትዮ።»

ጀሪካኑን የያዘው ሰው መሬት ላይ አስቀመጠው።

ማካሪዮ ወደ አቀበቱ ሮጦ ማሰራጫውን በደረቱ ታቅፎ ተመለሰ። ማንም አላዘዘውም ነበር። ፌስታሉን ፈታ፣ ውስጡ ያላበውን በሸሚዙ ጠረገ፣ ገመዱን ገጠመና አበራ። የማሰራጫው መብራት ሲበራ ዶን ክሪሳንቶ የናን ኤርሊንዳን ክንድ ያዙ። ነገ ከቀብር በኋላ ወደ ዳኛው ሊወስዷቸው ነው።

«ቀብሩን ማን ይንገር?» አለ ማካሪዮ። በቹዊሳክ የሞተ ሁሉ ቀብሩ የሚነገረው በናን ኤርሊንዳ ድምፅ ነበር። ኤቫሪስቶ ማይክሮፎኑን አየና ራሱን በእንቢታ ነቀነቀ። ዶን ክሪሳንቶም ክንዳቸውን ለቀቁ።

አሮጊቷ ተቀመጡ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ደህና አመሻችሁ፣ ወገኖቼ። ባሲሊዮ ጾክ አርፏል። ቀብሩ ነገ ነው። ቶማሳ፣ ባለቤቱ፣ የምትሰሚኝ ከሆነ... የገደልኩት እኔ ነኝ።»

ድምፃቸው ከየጓሮው፣ ከየሱቁ፣ ከተራራው ማዶ ካሉት ቤቶች ተመልሶ መጣ። በር ላይ የነበሩት ወንዶች ባርኔጣቸውን አወለቁ። አትክልት ሻጯ መሬት ላይ ተቀምጣ ማልቀስ ጀመረች። ሕዝቡ ወደ ስቱዲዮው እየተጠጋ መስኮቱን ሞላው። ዊልመር ማንም ዞሮ ሳያየው በመካከላቸው ትከሻውን እያጠበበ አለፈ፣ በጓሮው በር ወጣ፣ ወደ ቆላ የሚወስደውንም መንገድ ያዘ።